ለበረራ ተማሪ የመጀመሪያው ትምህርት፤ ስለ አየር መሳሳት



አየር ክብደት ያለው ነገር ነው ቢባል ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለዋል። ከተወለድንበት ጊዜ አንሥቶ በውስጡ ስለምንኖር ሸክሙ አይሰማንም። ነገር ግን ኢጣልያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ በ1643 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባዘጋጀው ፈተና፥ አየር በባሕር ጠለል ላይ 76 ሳንቲሜትር ያህል ቁመት ያለውን የባዜቃ ዓምድ ደግፎ ለማቆም እንደሚችል ታወቀ። በረራ የሚማር ወጣት ስለ ደመናና ስለ ዝናብ ከመማሩ አስቀድሞ ይህን እንዲያውቅ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አይሮፕላንን በሰማይ የሚሸከመው በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነውና።

ወደ ላይ በወጣን መጠን ከራሳችን በላይ የሚቀረው አየር ያንሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ያለውም ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ምስክር ቢያስፈልግ ከማጀት ርቆ መሄድ አያሻም። በወደቡ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ንፍሮው ዘገየ ተብላ የምትወቀስ እመቤት እንግዲህ አየሩን ለምስክርነት ልትጠራው ትችላለች።

ከፍታው ብቻውን ቢሆን መልካም ነበር፤ ሙቀት ሲታከልበት ግን ነገሩ ይብሳል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይሳሳል። በመደበኛው ስሌት የባሕር ጠለል ሙቀት 15 ዲግሪ ሲሆን፥ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ ቦሌ ዜሮ ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባው ነበር። በበጋ ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ ሲደርስ፥ አብራሪው ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 36 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ማኰብኰቢያው ከስፍራው ሳይነቃነቅ፥ ለክንፉና ለሞተሩ ግን ከ3,100 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ እንደ ተዘረጋ ይሆናል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንሰው ጕልበቱ ይደክማል፤ ክንፉም ለመነሣት በምድር ላይ የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ተማሪውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ይህ ነው። የፍጥነት መለኪያው ራሱ የሚሠራው በአየር ግፊት ስለ ሆነ፥ ለመነሻ የሚያሳየው ቍጥር በወደብ ከሚያሳየው አይለይም። ምድሪቱ ግን ከወትሮው ፈጥና ከሥሩ ታልፋለች። ተማሪው ዓይኑን አምኖ «በቂ ፍጥነት አለኝ» በማለት አፍንጫውን ያለ ጊዜው ቢያነሣ፥ አይሮፕላኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል፤ የቀረው ማኰብኰቢያም ለማቆም ላይበቃው ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶችን ሲያስመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃም፤ ቦሌ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ዛሬ በዚያ የሚገኙት ማኰብኰቢያዎች እያንዳንዳቸው ከ3,500 ሜትር በላይ ርዝመት አላቸው። እንግዳ ሰው ይህ ሁሉ ርዝመት ለምን ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ ከፍ ብሎ የተነገረው ነው።

ለመንግሥት ሥራ በትንሽ አይሮፕላን የምትጓዙ ባለሥልጣኖችም አንዳንድ ጊዜ በቀትር «ሻንጣው ለነገ ይቈይ» ስትባሉ ትቈጡ ይሆናል። እኔም ተቈጥቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ሸክም መቀነስ ወይም ሰዓት መለወጥ ካልሆነ በቀር አብራሪው በእጁ ሌላ መድኃኒት የለውም። በማግሥቱ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ሙቀቱ 10 ዲግሪ ቢሆን፥ ያው ማኰብኰቢያ ወደ 2,700 ሜትር ዝቅ እንዳለ ይቈጠራል፤ በቀትር እንቢ ያለው አይሮፕላንም ሻንጣውን ጨምሮ ሊነሣ ይችላል።