ወይዘሮ ስንዱ በምክር ቤት

 

ዛሬ «ሕግ» የምትለዋን ቃል ይዘን እንነሣለን። ሁለት ፊደል ናት፤ ለማንበብ አትከብድም። ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። ለመሆኑ ሕግ የሚያወጣው ማን ነው?

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የምክር ቤቱን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ አይመርጥም። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ግን ሕዝቡ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ወንዱም ሴቱም። በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ አውሮፓ ተላኩ። እውነቱን እንነጋገር፤ ያን ጊዜ የገበሬ ልጅ ይህን ዕድል አታገኝም። ለመመረጥም ቢሆን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ቢሆንም መከራው አልቀረላቸውም። ጣልያን አገራችንን ሲወር ተይዘው አዚናራ በምትባል የጣልያን ደሴት ታሰሩ። ከድል በኋላ ደሴ ላይ አስተማሩ። ቀጥሎም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። በምክር ቤትም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል።

ታዲያ አንዲት ሴት ስለገባች ነገሩ ሁሉ ተቃና ወይ? የለም! የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው እሳቸው ምክር ቤት ሳሉ፣ በ1952 ዓ.ም. ነው። ያ ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። ሚስት እንድትታዘዘው አዘዘ። የት እንደሚኖሩ የሚቆርጠው ባል ነው። ባል አሽከር ሊቀጥር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ተጻፈ። አያችሁ? እንስራውና ወፍጮው ሁሉ በሕግ ተጽፎባት ነበር! ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር።

ይህ የተሻሻለው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ነው። በአዲሱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል ሆኑ። የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። ወይዘሮ ስንዱ ያን ጊዜ የ84 ዓመት አረጋዊት ነበሩ፤ ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ የ1992ቱ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። እናንተ ባላችሁበት አገር የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የጋብቻ ውል ላይ ከመፈረማችሁም በፊት ወረቀቱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡት፤ ቀስ ብላችሁ፣ ቃል በቃል።

ደኅና ሁኑ።