ከድንኳኑ በፊት ገመድ



በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ መካከል ባለው በሌማን ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1885 የነፍስ አድን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ 34 ጣቢያዎች አሉት። አባላቱ ያለ ደመወዝ፣ ሥራቸውን ጥለው ጀልባ የሚያስነሡ ጎረቤቶች ናቸው። ነገሩ የኛው ዕድር ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ሰው ሳይሞት መድረሳቸው ነው።

ጣናችን ከሌማን አምስት እጥፍ ይሰፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ታንኳ እንደሚገለብጥ ሁላችንም እናውቃለን። አምና አንድ ልጅ ከዳር ሳይርቅ ሲሰጥም ቆመን አየን፤ የምንወረውረው ገመድ አልነበረንም። ድንኳኑን ግን ወዲያው ተከልን።

ስለዚህ ከዘንድሮው መዋጮ ገመድና የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንዲገዛ፣ ዋና የሚችሉ ወጣቶችም እንዲመዘገቡ እንጠይቃለን። ጥሩንባችንም ለሞተ ብቻ አይነፋ፤ ለሚሰጥምም ይነፋ።