ስለ ቮልስና ስለ ወዳጆቿ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ከእኛ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ቃል እንዲሰማ በታዘዘ ጊዜ፤ ስለ ምን እንናገር ብለን እርስ በርሳችን ተማከርን። ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ከእኛ በፊት የነበሩት ደኅና አድርገው ተናግረዋል። እኛ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ነገር ግን በአራት ጎማ የሚሄድ ነው። ይኸውም በጀርመን አገር ተወልዳ በአዲስ አበባ ጎዳና ያረጀችው፤ ሕዝቡ ቮልስ ብሎ የሚጠራት አውቶሞቢል ናት።

ከመካከላችን መኪና ያለው አንድም ሰው የለም። ነገር ግን ባለመኪኖች ስለ መኪናቸው ሲጫወቱ መስማት ደስ ስለሚለን፤ በየሰፈራችን ያሉትን ባለቮልሶች እየጠየቅን፤ ሞተሩን ከፍተው ሲሠሩ አጠገባቸው ቆመን እየተመለከትን፤ የሰማነውንና ያነበብነውን አጠራቅመናል። ከዚህም ውስጥ ለሁላችንም የሚጠቅም ቁም ነገር አግኝተናል።

አስቀድመን ስለ አወላለዷ እንናገር። በዚህ ክፍል የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ ሲሆን፤ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በ1938 ዓ.ም. በሂትለር መንግሥት ጊዜ ነበር። ሠራተኛው ሕዝብ በየሳምንቱ አምስት ማርክ እየቆጠበ በደብተሩ ላይ ቴምብር ቢለጥፍ መኪና እንደሚደርሰው ተነገረው። ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎችም ቆጠቡ። ዳሩ ግን ጦርነት መጣ፤ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊት መሥሪያ ሆነ፤ በግዴታ የተጋዙ ሰዎችም እየተጨነቁ ሠሩበት። ከቆጣቢዎቹም መካከል በዚያ መንግሥት ዘመን መኪናውን የተረከበ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ በቦምብ የተጎዳውን ፋብሪካ አስጠግኖ፤ በ1945 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራውን አስጀመረ። ከዚያ ወዲያ የቮልስ ነገር እንደ ጎርፍ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮነኛዋ ተሠራች። በየካቲት ወር 1972 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲ ይዞት የነበረውን የ15,007,033 መኪና ክብረ ወሰን አለፈች። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ከፋብሪካ ስትወጣ፤ ጠቅላላው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። እንግዲህ ለክፉ ዓላማ የታሰበች መሣሪያ ለደግ ሰዎች አገልግሎት ልትውል መቻሏን ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

ይህች መኪና በአገራችን የተወደደችበት ምክንያት ውበቷ ብቻ አይደለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ራዲያተር ስለሌላት በቆላ ሙቀት የሚፈላ፤ በዳገትም ላይ ወርደው የሚሞሉት ውኃ የላትም። ሞተሩን ከአካሏ ጋር የያዙት አራት ዋና ዋና ብሎኖች ናቸው፤ ልምድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብዙ ሳይደክሙ ያወርዱታል። ይሁን እንጂ ሳናዳላ እንናገርና፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህም ከመጀመሪያውም ጉልበቷ አነስተኛ የሆነው ቮልስ ወደ እንጦጦ ስትወጣ እጅግ ታዘግማለች። ባለቮልሶች ግን በዚህ አይናደዱም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት፤ መልኳንም አካሄዷንም አይቶ ለእርሷ የተተረተ ይመስላል ብለው ይሥቃሉ።

አሁን ወደ ወዳጆቿ እንምጣ። በአዲስ አበባ የቮልስ ወዳጆች አልፎ አልፎ ተሰባስበው፤ ነጯ ከቀይዋ፤ ሰማያዊዋ ከቢጫዋ ኋላ ተሰልፈው ይነዳሉ። ከዚያም አንድ ስፍራ ያቆሙና ጨዋታ ይጀምራሉ። እኛም እንደታዘብነው፤ አንዱ የመኪናውን ዋጋ ለሌላው አይነግረውም፤ የሚነግረው ዕድሜዋን፤ ጠባይዋንና ሕመሟን ነው።

ከሰማነው ጥቂቱን እንንገራችሁ። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ነጂው አንዲት ትንሽ እጀታ በእግሩ ገፍቶ የመጠባበቂያውን ነዳጅ ይከፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ደግሞ፤ የፊት መስተዋቱን የሚያጥበውን ውኃ የሚገፋው በትርፍ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያና መብራት የሚሰጠው ዲናሞ የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ ስለሆነ፤ ከመሪው ፊት ቀይ መብራት በርቶ የታየ እንደሆነ ነጂው ዲናሞው ተበላሽቷል ብሎ ብቻ ጉዞውን አይቀጥልም። ቺንጋው ተበጥሶ እንደሆነ ሞተሩ ሊቃጠል ነውና ወዲያው ይቆማል። ብልህ ባለቮልስም ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከከተማ አይወጣም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩን ሰዎች የእኛን ስንፍና ወይም ልጅነት አልናቁብንም። አንድ ጡረታ የወጡ አባት በሰፈራችን አሉ። አባባ፤ ይህ ምንድን ነው? ብለን በጠየቅናቸው ቁጥር፤ ልጆቼ እያሉ፤ ካንዴላውን ፈትተው አጽድተው መልሰው እስኪያስሩ ድረስ አንድ በአንድ ያሳዩን ነበር። ዕቃ ያጣ ባለቮልስ ሲመጣባቸውም ከሣጥናቸው ፈልገው ይሰጡታል። እርሱም ነገ ለሌላው ይሰጣል። አዲስ መለዋወጫ በፋብሪካው መስመር እንደ ልብ የማይገኝላት መኪና እስከ ዛሬ የቆመችው በአንድ ባለሀብት ኃይል ሳይሆን፤ ዕቃንም ዕውቀትንም በሚካፈሉ ብዙ ሰዎች እጅ ነው። ሀብቱን ብቻ የሚወድ ሰው ሀብቱን ሲያሳይ ሌላውን ያሳንሳል፤ የቮልስ ወዳጅ ግን ሲያሳይ ያስተምራል።

ፍቅራቸው ዕውር ነው እንዳይባልም ጉድለቷን ያውቃሉ። የነዳጅ ጋኗ ከፊት በኩል በነጂው እግር አቅራቢያ ነው፤ በብዙዎቹ አሮጌዎች ውስጥ የደኅንነት ቀበቶ አልነበረም፤ ፍሬኗም የዛሬውን መኪና አይተካከልም፤ ያልተጠበቀ ሞተሯም ጭስ ያበዛል። ስለዚህ እውነተኛው ወዳጅ ቀበቶ ያስገባላታል፤ ፍሬኗን ያስፈትሻል፤ በዝግታም ይነዳታል። መኪናን መውደድ እግረኛውን አለመውደድ ሊሆን አይገባምና።

ክቡራን ሆይ፤ መኪና የክብር ምልክት ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢኖር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። እነዚያን ያማሩ ሮልስ ሮይሶች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት አፄ ኃይለ ሥላሴ፤ ከዙፋናቸው በወረዱበት በዚያ ቀን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። መኪና ለማንም ክብር አይጨምርም፤ ከማንም ክብር አይቀንስም፤ እንደየነጂው ፈቃድ ይሄዳል እንጂ።

እንግዲህ ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው። በአገራችን መኪና የሚታወቅባቸውን ቃላት ተመልከቱ። ፍሬን፤ ፍሪሲዮን፤ ካምቢዮ፤ ጎማ፤ ካንዴላ፤ ማርሚታ፤ ቺንጋ፤ ኩሽኔታ፤ ኮፈን፤ እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሎቹን ወደ አማርኛ ያስገቧቸው መዝገበ ቃላት አዘጋጂዎች አይደሉም፤ ልብሳቸው በዘይት የጨቀየ መካኒኮችና የጭነት መኪና ነጂዎች ናቸው። ዕውቀትን ከባዕድ እጅ ተቀብለው የራሳቸው ያደረጉ እነርሱ ሳሉ፤ ብዙዎቻችን ግን መካኒክ ማለትን ትምህርት ያልሆነለት ሰው ሥራ አድርገን እንቆጥራለን።

ይህ ንቀት የቆየ በሽታችን ነው። አባቶቻችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ስለዚህ መኪናውና አዋጁ የአንድ ዓመት እኩዮች ናቸው። መኪናው በአገሩ ሁሉ ተሰራጭቷል፤ አዋጁ ግን ገና ወደ ልባችን አልደረሰም።

ነገሩም ዛሬ የሚያስቸኩል ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ታክሱን እጅግ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም በጎዳናችን እየበዙ ሄዱ። ይህን አንቃወምም፤ ኤሌክትሪካችን አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚመነጭ ሲሆን፤ ነዳጁ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የአዲሲቱን መኪና ባትሪና ሽቦ ማን ይፈታዋል? ቮልስን አባቶቻችን በመፍቻ ተማሯት። አዲሲቱ መኪና ግን ያለ ትምህርት የሚነካት ሰው በኃይለኛው ኤሌክትሪክ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚጠግናት ሰው ፊዚክስን የተማረ፤ ደግሞም እጁን ከመሥራት የማያርቅ መሆን አለበት። እኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘን ከዚህ ትምህርት ቤት ብንወጣ፤ ስትበላሽ ገፍተን ዳር ከማስያዝ በቀር ሌላ አናውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው፤ አዲሱን ስንመኝ የነበረንን የእጅ ጥበብ እንዳንጥል እንፈራለን።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፤ ክቡር ዲሬክተራችንን የምንለምነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች የሞተርንና የኤሌክትሪክን ሥራ በእጃቸው የሚማሩበት አንድ ክፍል እንዲፈቀድልን ነው። ዋጋው የተወደደ መሣሪያ አንጠይቅም፤ አንድ አሮጌ ሞተርና ጥቂት መፍቻዎች ለመጀመሪያ ይበቁናል።

ሁለተኛ፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን፤ ልጃችሁ ልብሱን ዘይት አስነክቶ ወደ ቤት በገባ ጊዜ፤ ለዚህ ነውን ያስተማርንህ ብላችሁ አትቆጡት። ሴት ልጃችሁም መፍቻ ብታነሣ አታስጥሏት፤ ብሎን ወንድና ሴት አይለይም።

ሦስተኛ፤ ከኋላችን የምትቀሩ ታናናሾቻችን፤ መኪና ባየን ጊዜ ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቀው፤ የማን ናት? ስንት ተገዛች? ብለን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን፤ እንዴት ትሠራለች? ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምኞትን ብቻ ያተርፋል፤ ሁለተኛው ሙያን ይሰጣል። ባለቤቱም ጥሩ ሰው ከሆነ ወዳጅ ያተርፍላችኋል።

እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን። አንድ ቀን መኪና ለመግዛት የምንበቃ ከመካከላችን ጥቂቶች ይሆኑ ይሆናል። ነገር ግን የያዙትን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ፤ ያወቁትንም ለጎረቤት ማካፈል የሚቻለው መኪና ላለው ብቻ አይደለም። 

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን፤ ለብዙ በዓል ያድርሰን።