ስለ ተራራ ቢሲክሌት አነዳድና ስለ ዝላይ ሥርዓት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቢሲክሌት ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ክበባችን ጥቂት ቃል እንዲያሰማ ስለ ተፈቀደለት በአባሎች ሁሉ ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የተራራ ቢሲክሌት አነዳድ፤ ይልቁንም ወላጆቻችንን የሚያሳስበው ዝላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዱ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ክንዱ ስለ ተሰበረ፤ «ይህ ክበብ ቢዘጋ ይሻላል» የሚል አሳብ ከአንዳንድ ወላጆች ተነሥቷል። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የምንማረውን ነገርና የምንጠብቀውን ሥርዓት በግልጽ እናስረዳለን፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስፖርቱ አመጣጥ ጥቂት እንበል። በቢሲክሌት መወዳደር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ. ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በሜልቦርን ስትሳተፍ ከተላኩት ስፖርተኞች መካከል ቢሲክሌተኞች ነበሩ። የተራራው ቢሲክሌት ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1969 ዓ. ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አንዳንድ ወጣቶች አሮጌና ከባድ ቢሲክሌቶችን አድሰው በአንድ የተራራ መንገድ ቁልቁል መወዳደር ጀመሩ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የኋላው ፍሬን በቁልቁለቱ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ ይቃጠል ነበርና ከውድድሩ በኋላ እንደገና መሞላት ነበረበት። ስለዚህም ውድድሩ «ሪፓክ»፤ ማለት «እንደገና ሙላ» ተባለ። ይኸው ጨዋታ አድጎ በ1988 ዓ. ም. በአትላንታ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። «መንዳቱስ ይሁን፤ መዝለሉ ለምን አስፈለገ?» ትሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በእንጦጦ ዳገትና ቁልቁለት የነዳ ሰው እንደሚያውቀው፤ መንገዱ ላይ የባሕር ዛፍ ሥር፤ ጎርፍ የቆረጠው ቦይና ደረጃ የመሰለ ድንጋይ አለ። ጎማውን ከመሬት ማንሣትና በሥርዓት ማሳረፍ የማያውቅ ነጂ እነዚህ ሲያጋጥሙት በድንገት ይወረወራል። ሳይወድ በግድ ከሚዘል ሰው ይልቅ አስቦ የሚዘል ሰው ይድናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፤ ዝላይን ቦዩ አፋፍ ላይ ደርሶ መማር አይቻልም።

ከዝላይ በፊት ግን ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ።

አንደኛው አቋቋም ነው። በቁልቁለት ነጂው ከኮርቻው ይነሣል፤ ፔዳሎቹን እኩል አጋድሞ ተረከዙን ዝቅ ያደርጋል፤ ጉልበቱንና ክርኑን አጠፍ ያደርጋል። እጅና እግር በዚያን ጊዜ እንደ ሞላ ሆነው የመንገዱን ግጭት ይቀበላሉ። ዓይን የፊት ጎማውን ሳይሆን ወደፊት የሚሄድበትን መንገድ ይመለከታል፤ ድንጋይ ላይ ዓይኑን የተከለ ነጂ ወደዚያው ድንጋይ ይሄዳልና።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በ3 ሜትር የሚቆም ሰው በ30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ 12 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ነገር ግን በድንገት ቢጨብጡት ነጂውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥላል። ስለዚህ ሁለቱም ፍሬኖች ቀስ ተብለው፤ ከመታጠፊያው በፊት ይያዛሉ። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ጎማ ፈጥኖ ይንሸራተታል።

ሦስተኛው መታጠፍ ነው። ከሰውነት ይልቅ ቢሲክሌቱ ይዘነበላል፤ ክብደትም በውጭ በኩል ባለው ፔዳል ላይ ይጫናል።

እነዚህን የለመደ ወደ ዝላይ ያልፋል። በእኛ ሥርዓት ተማሪ የሚጀምረው ከጉልበት በታች በሆነ፤ አናቱ ጠፍጣፋና መካከሉ ክፍት ባልሆነ የአፈር ጉብታ ነው። እንዲህ ባለው ጉብታ ላይ ዝላዩ ቢያጥር ጎማው በጠፍጣፋው ላይ ያርፋል እንጂ ገደል ውስጥ አይገባም። ነጂው በልኩ ፍጥነት ይመጣል፤ ጉብታው ላይ ሲወጣ ፍሬን አይነካም። አቀበቱ ላይ ጉልበቱንና ክርኑን አጥፎ ቢሲክሌቱን ወደ መሬት ይጫናል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ እግሩን ይዘረጋል። የሚያስነሣው ይህ መጫንና መዘርጋት ነው። መሪውን ወደ ላይ መጎተት የፊት ጎማውን ብቻ አንሥቶ ነጂውን ወደ ኋላ ይጥላል። በአየር ላይ ሰውነት ይለዝባል፤ ዓይን ማረፊያውን ያያል። ሲያርፍ ሁለቱ ጎማዎች ከማረፊያው ቁልቁለት ጋር ተስተካክለው ይነካሉ፤ ጉልበትና ክርን እንደገና ይታጠፋሉ።

የማረፊያው ነገር በተለይ ይታሰብበት። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ላይ ቢያርፍ ያን ሁሉ ሰውነት ይቀበለዋል። ቁልቁለት ላይ ቢያርፍ ግን አብዛኛው ወደ ፊት ጉዞ ይለወጣል። ስለዚህ ማረፊያውን በእግሩ ሄዶ ያላየ ሰው አይዘልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፤ ተራራው የእኛ ብቻ አይደለም። ሸክም ተሸክማ የምትወርድ እናት፤ ከብት የሚነዳ ሕፃን፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሽማግሌ በመንገዱ አሉ። ለእነርሱ ቆመን፤ ወርደን፤ ሰላምታ ሰጥተን እናሳልፋለን። ከማረፊያው ወዲያ ያለው በማይታይበት ስፍራ አንድ ጓደኛ ቆሞ «መንገዱ ነፃ ነው» ካላለ ዝላይ የለም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ሥርዓታችን እንግዲህ ይህ ነው። ያለ ራስ ቁር ማንም አይነዳም፤ በኃይል የተመታ ቁር ዳግመኛ አይደረግም። ከመነሣታችን በፊት ፍሬን፤ ጎማ፤ ካቴናና የቸርኬው ማሰሪያ ይመረመራሉ። ባሰበው ስፍራ መቆም የማይችል አይዘልም፤ ብቻውን የሚዘልም የለም። «ፈራሁ» ብሎ ከጉብታው የተመለሰ ጓደኛ አይሳቅበትም፤ አቅሙን አውቋልና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ወላጆቻችን ይህን ክበብ የሚያምኑት በንግግራችን ሳይሆን በየሳምንቱ በደኅና ወደ ቤት ስንገባ ነው። ወላጆች ሆይ፤ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ልምምዳችንን እንድታዩልን በትሕትና እንለምናለን።