ዕድሜ ከትምህርት አያግድም

 

«እኔ አርጅቻለሁ፤ ትምህርት ለልጆች ነው» የምትሉ አላችሁ። እስቲ አብረን እንየው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሀገራችን የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተባለ። ሽማግሌውም እናቲቱም ደብተር ያዙ። ያን ጊዜ ጂንካ ላይ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ዛሬ ግን አለ፤ ማስተማር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው።

ኮሌጅ የሚገቡት ሁሉ ልጆች አይምሰሏችሁ። በሀገራችን ብዙ መምህራን ክረምት ሲገባ ራሳቸው ተማሪ ይሆናሉ። ትዳር አላቸው፤ ልጆች አሏቸው። ቀን ክፍል ይቀመጣሉ፤ ማታ ያጠናሉ። ቤት የቀረው ደግሞ ውሃውን ይቀዳል፣ ልጁን ይይዛል። የሚማረው አንድ ሰው ነው፤ የሚደክመው ግን ቤተሰቡ ሁሉ ነው። እነሱም የጀመሩት ከ«ሀ» ነው።

እናንተስ? ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ኮረሪማ ስትሸጡ ሚዛኑን ራሳችሁ አንብቡ። ወረቀት ሲሰጧችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። አባወራ ሆይ፣ ሚስትህ ለትምህርት ስትወጣ ልጁን ያዝላት። ሥራ ቢበዛባችሁም ደብተሩን አትጣሉት። አንድ ቀን ብትቀሩ በማግስቱ ተመለሱ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን!