የአዘቦት ቀን በረከት

ውድ ተመራቂዎችና ወላጆች፤

ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ሥራ ፈጠራ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ አገር ግንባታ ጠቃሚ ነገር ብለዋል። እኔ ግን ስለ አዘቦት ቀን እንድናገር ፍቀዱልኝ። ጋዋኑ ነገ ይመለሳል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ዕድሜያችን የሚያልቀው በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ነው። በአስተማሪነት በኖርኩበት በዚህ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ያየሁትም ይህንን ነው፤ የዚህ አገር ሰው እምነቱንም ደስታውንም ለዓመት በዓል ብቻ አያስቀምጥም። በየዕለቱ በእጁ ይሠራዋል፣ በእግሩ ይሄድበታል። እኛ የተማርነው ደግሞ ቶሎ የምንተወው ይህንኑ ነው።

ከዚሁ ከወሎ ቦረና ገጠር ቀበሌዎች የመጣችሁ ልጆች ቀጥሎ የምለውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሕፃን ወደ ጎረቤት ይላካል፤ «ቡና ደርሷል፣ ኑ ተብላችኋል» ይላል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ የገብስ ቆሎው በሰፌድ ቀርቧል። ባለቤቷ ቡናውን ቆልታ እንደጨረሰች ምጣዱን ይዛ ትነሣና ጭሱን ለአንድ ለአንዱ ታዳርሳለች፤ ሁሉም በመዳፉ ወደ ፊቱ እየሳበ ያሸታል። አቦል ይቀዳል፤ ነገር ግን ማንም ስኒውን ወደ አፉ አያደርስም። በዕድሜ የገፉት ሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ። የታመመው እንዲማር፣ የወጣው በሰላም እንዲመለስ፣ ዝናሙ በወቅቱ እንዲወርድ፣ ለሩቅ አገር የተላከችው የጎረቤት ልጅ ደህና እንድትሆን፣ ሁሉንም በስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ። አንዱ «አሜን» ይላል፣ አጠገቡ የተቀመጠው «አሚን» ይላል፤ የሚጠጡት ከአንድ ጀበና ነው። ቶናው ይቀጥላል። ከሦስተኛው በፊት ሊሄድ የተነሣ ሰው ካለ «በረካውን ጥለህ ወዴት ነው?» ተብሎ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በዓል በሌለበት፣ እንግዳም ባልመጣበት ተራ ቀን ነው። በዚያች ቤት የሠፈሩ ችግር ሁሉ በስም ተጠርቶ ጸሎት ተደርጎበታል። ማን እንደታመመ፣ የማን በሬ እንደሞተ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ እዚያው ይታወቃል፤ ማታውኑ ሰው ይላካል። እኔ በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ አላየሁም።

ሰርጉንም ተመልከቱ። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቶቹን ከማንም አስቀድሞ ይጠራል። ለእነሱ የሚሆነውን በግ ራሳቸው መጥተው በቢስሚላህ ያርዳሉ፤ ድስቱ ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ፣ ወጥ የሚሠሩትም ለብቻ ይሆናሉ፤ ዳሱና ጭፈራው ግን አንድ ነው። ሙስሊሙ ሲድርም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ከከተማ የሚመጣ ሰው «ለምን ሁለት ድስት?» ብሎ ልዩነት ያደርገዋል። እኔ በዚህ ከቶ አልስማማም። ሁለቱ ድስት፣ የጎረቤቴን ሃይማኖት ስለማከብር ሁለት ጊዜ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ሁለት ጊዜ ውኃ አስቀዳለሁ፣ ሁለት ጊዜ እሳት አነዳለሁ ማለት ነው። እምነቱን ሳይሸራርፍ፣ የሌላውንም እንዲሸራርፍ ሳይጠይቅ አብሮ የሚደሰት ሰው ይህን ድካም ይደክማል። እናንተ ነገ በምትሠሩበት መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ ድካም ነው።

ስለ ሽርሽር ላንሣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሽርሽር ሲባል መኪና፣ ሪዞርትና ገንዘብ ይታሰባል። እዚህ የሰው መውጫው ገበያው ነው፣ ንግሡ ነው፣ ዚያራው ነው፣ ሰርጉና የታመመ መጠየቁ ነው። ጥር 10 ቀን ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከየመንደሩ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። የጥምቀት በዓልን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ የወሎ ሙስሊም ወጣት ግን ከመዝገቡ ብዙ ቀድሞ መንገዱን ሲጠርግ ኖሯል። ክርስቲያኑም ለኢድ ሰጋጆች የሚወጡበትን ሜዳ ሲያጸዳ አይተናል። ወደ ሳይንት የሄዳችሁ ተድባበ ማርያምን ታውቃላችሁ፤ በ1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ የወደቁት አፄ ገላውዴዎስ ያረፉባት ጥንታዊት ደብር ናት። ወደዚያ በእግር የሚጓዙ እናቶችን ተከትዬ ሄጄ አውቃለሁ። በሶና ዳቦ በአገልግል ይዘዋል፣ በየጥላው ያርፋሉ፣ ያወጋሉ፤ የተኳረፉ ባልንጀሮች በዚያ መንገድ ላይ ሲታረቁ አይቻለሁ። ከበዓሉ ግማሹ መንገዱ ላይ ያልቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ ደንቆሮ ጫካ እንደገባችሁ አላውቅም። ደንቆሮ ያለበት፣ ከዚህ ከተማ ብዙ የማይርቀው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ከፍታው ከ3,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከታች ጥድና ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያ አስታው፣ ከላይ ሜዳው ላይ ጅብራው አለ። በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው የእናንተው ተራራ ነው።

ጠዋት በማለዳ ሂዱና ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ ይላል። የወንዱን ጎፈር ነፋስ ይበትነዋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። እናቲቱ ግልገሏን በጀርባዋ አዝላለች። ሣሩ ፊታቸው ሞልቶ ሳለ ወዲያው አይግጡም። ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እርስ በርስ ፀጉር ይፈታተሻሉ፣ ያጉረመርማሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ወደ ቀን ሥራቸው የሚገቡት። አብረውኝ የነበሩ አንድ ገበሬ ይህን እያዩ «እነሱም ጠዋት ጠዋት ይጠያየቃሉ» አሉኝ። ቆብ አውልቀው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ በነጻ ቁጭ ብሎ ማየት፣ አይቶም ማመስገን፣ ለእኚያ ሰው የአንድ ማለዳ ተራ ነገር ነበር። ከዚያው ተራራ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። ኢንጂነሪንግ ያጠናችሁ የዚህን ውኃ ስሌት ታውቁታላችሁ፤ ከምንጩ አጠገብ ቆማችሁም እዩት።

ይህን ስል አገሩ ጠግቦ፣ ሰላም ሆኖ የኖረ አስመስዬ ልናገር አልፈልግም። ይህ ወሎ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ የሆነውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ አያቶች በዓይናቸው አይተዋል፤ ልጅ ቀብረዋል፣ አገር ጥለው ተሰደዋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ እናንተ ተማሪዎች ነበራችሁ። ከዚያም ወዲህ ክልላችን አላረፈም፤ ዘመድ ለመጠየቅ መንገድ መውጣት ራሱ የሚያሳስብ ሆኖ ሰንብቷል። ዛሬ እዚህ ለመድረስ ስለ መንገዱ የተጨነቁ ስንት ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ።

እንግዲህ ስለ ሽርሽርና ስለ ቡና ማውራቴ ለምንድን ነው? አንዲት የቦረና እናት ስለ ሰባ ሰባት ሲያጫውቱኝ፣ «የምንቀምሰው ሲያልቅ እንኳ ከሰዓት በኋላ መሰባሰቡን አልተውንም፤ ባዶ እጃችንን ተቀምጠን ዱአ እናደርግ ነበር» ብለውኛል። ሰው የተረፈው በእርዳታ እህል ብቻ አልነበረም። አንዱ የአንዱን በር ያንኳኳ ስለነበር ማን እንደወደቀ ይታወቅ ነበር። ደስታን የሞላለት ሰው ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ሰው ከእኚህ እናት ጋር አንድ ከሰዓት ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት ገበያ ደርሶ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስመሰግን ደግሞ እናንተ ከእኔ ትውልድ በላይ ታውቁታላችሁ።

ልጆቼ፣ አሁን ደግሞ ስለ ሥራ። ብዙዎቻችሁ ነገ ሥራ አታገኙም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ትቆማላችሁ፣ ፈተና ትቀመጣላችሁ፣ ስልክ ትጠብቃላችሁ። በዚያ ጊዜ «ሥራ ሲገኝ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ»፣ «ደመወዝ ስበላ ዘመድ እጠይቃለሁ»፣ «ሰው ስሆን እናቴ ጋ እሄዳለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ዲግሪ ይዞ ባዶ እጅ መምጣት ያሳፍራል፤ ይገባኛል። ነገር ግን የሚያሳፍረው እናንተን እንጂ እናታችሁን አይደለም። ሥራ ፈትታችሁ ቤት በምትቀመጡበት ወራት አጨዳ ይደርሳል፤ ደቦ ውጡ። አባታችሁ ገበያ ሲወርዱ ከኋላ ተከተሏቸው፣ በመንገድ የሚያወሩትን ስሙ። መስጊዱ ሲሠራ ድንጋይ አቀብሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ጭቃ አቡኩ፤ የየትኛውም ቢሆን። ስልኩን ለአንድ ሰዓት ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ሥራ ያገኛችሁትም ብትሆኑ፣ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የጎረቤታችሁን ስም ሳታውቁ ዓመት እንዳይሞላችሁ። በሩን አንኳኩና ቡና ጥሩ።

ለዩኒቨርሲቲው አመራር አንድ ልመና አለኝ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ወቅት ሁሉ፣ እያንዳንዱ የተመራቂ ትውልድ ከመሰናበቱ በፊት አንድ ቀን ደንቆሮ ይውጣ። መሪዎቹ የአካባቢው ገበሬዎችና የፓርኩ ጠባቂዎች ይሁኑ፤ ስንቁን የከተማው እናቶች ያዘጋጁ፤ የሚከፈላቸውም ይከፈላቸው። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከኦሮሚያ፣ ከደቡብ የመጣው ልጅ አራት ዓመት የኖረበትን አገር ሳያይ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

ለእናንተም ለተመራቂዎች ለዛሬ ከሰዓት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ከተማ ውጡ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ዳቦና ሳሙና በዱቤ የሰጧችሁን ባለ ሱቅ፣ ልብሳችሁን ያጠቡላችሁን እናት፣ ታማችሁ ሳለ አጥሚት ይዘው የመጡትን ጎረቤት ከወላጆቻችሁ ጋር አስተዋውቋቸው። የቀረባችሁ ዱቤ ካለ ክፈሉ፤ ሳይመርቋችሁም ከደጃቸው አትነሡ።