ስለ አሮጌ መሥመር ዕዳ

በራዲዮ የተነገረ



የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ ማርጀቱ አይቀርም። ቤት ያረጃል፤ ድልድይ ያረጃል፤ ወፍጮም ያረጃል። የቤቱ ማርጀት በጣሪያው ማፍሰስ፥ የወፍጮው ማርጀት በዱቄቱ መሻከር ስለሚታወቅ፥ ባለቤቱ ወዶም ሆነ ተገዶ ያድሰዋል። ነገር ግን ጣሪያው የሚያፈሰው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን በተከራዩ ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ኪራዩም በየወሩ ሳይጓደል የሚገባ ከሆነ፥ ባለቤቱ ቆርቆሮ ለመግዛት የማይቸኩል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ይኸውም ኢንተርኔት የሚተላለፍባቸው መሥመሮችና መሣሪያዎች ሲያረጁ፥ አገልግሎት ሰጪዎቹ ኩባንያዎች በአዲስ ለመተካት ስለሚያሳዩት ዳተኝነት ነው። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኢንተርኔት በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ረቂቅ ነገር ለሚመስለው ሰው፥ ያረጃል መባሉ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። እውነቱ ግን ኢንተርኔት በምድር የተቀበረ ገመድ፥ በምሰሶ የተሰቀለ ሽቦ፥ በየመንገዱ ዳር የቆመ የብረት ሣጥን ነው። በአሜሪካ፥ በብሪታንያ፥ በአውስትራሊያና በሌሎችም ብዙ አገሮች ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ የኖረው አስቀድሞ ለስልክ በተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ነው። ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን እርስ በርሳቸው ገምዶ ድምፅን ማስተላለፍ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። በኋላም ሊቃውንት ድምፅ ከሚሄድበት ሞገድ በላይ ያለውን ክፍል ተጠቅመው ኢንተርኔትን በዚያው ሽቦ የሚያሳልፉበትን፥ ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለውን ብልኀት አገኙ። ይህም ብልኀት አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር ሚሊዮን ቤቶችን ከኢንተርኔት ጋራ ያገናኘ ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም መዳብ የተፈጥሮ ወሰን አለው። ኢንተርኔትን የሚሸከመው ሞገድ በሽቦው ላይ በራቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ከነዚህ ዘዴዎች ተሻሽሎ የቀረበው አንዱ፥ ለስልክ ማዕከሉ ቅርብ ለሆነ ቤት በሴኮንድ እስከ 24 ሜጋቢት ሲያደርስ፥ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ቤት የሚያደርሰው ግን ቢበዛ ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ነው። በዚህም ላይ ውሃ በመጋጠሚያው ሲገባ፥ ሽቦው ሲዝግ፥ መሸፈኛው ሲሰነጠቅ መሥመሩ ይቆራረጣል። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ገንዘብ እየከፈሉ፥ አንዱ የሚገባውን ሲያገኝ ሌላው ገና አንድ ገጽ እስኪከፈትለት ይጠብቃል ማለት ነው።

ለዚህ መድኀኒቱ ያልታወቀ ነገር ቢሆን ኖሮ መታገሥ ይገባ ነበር። ነገር ግን ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የተባሉት ሊቃውንት የጠጉር ያህል በቀጠነ የመስተዋት ክር ብርሃንን ወደ ሩቅ ማስተላለፍ እንደሚቻል ያስረዱት በ1966 ነው። ካኦም በዚሁ ሥራው በ2009 የኖቤልን ሽልማት አግኝቷል። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መስተዋት ሠራ። በ1988 ደግሞ የመጀመሪያው የመስተዋት የስልክ ገመድ አሜሪካንና አውሮፓን አገናኘ። ይህ ፋይበር የሚባለው ክር ውሃ ቢያገኘው አይዝግም፤ በርቀት ብዙም አይደክምም፤ የበለጠ ፍጥነት ሲያስፈልግም መስተዋቱን ሳይነኩ በሁለቱ ጫፎች ያሉትን መሣሪያዎች መለወጥ ይበቃል። ብርሃኑ አትላንቲክን ከተሻገረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ በብዙ ቦታ ሳይገባ የቀረው ከመንገድ ዳር እስከ ቤት ደጃፍ ባለችው በመጨረሻይቱ አጭር ርቀት ነው።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ስለ ምን ይዘገያሉ? ነገሩን በሚዛን ለመመልከት የእነርሱንም ቃል መስማት ይገባል። በመጀመሪያ፥ ከወጪው ትልቁን ክፍል የሚወስደው መስተዋቱ ሳይሆን ቁፋሮው ነው፤ ቤቶቹም ተራርቀው በቆሙበት ገጠር ለእያንዳንዱ ቤት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። ሁለተኛ፥ አሮጌው የስልክ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ከስልክ ማዕከሉ ስለሚያገኝ፥ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራል፤ ፋይበር ግን በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በብሪታንያ አሮጌው የስልክ መሥመር በ2025 መጨረሻ ሊዘጋ ተወስኖ ሳለ ወደ ጥር 2027 የተላለፈው፥ ለእርዳታ የሚጣሩበት ደወል በዚሁ መሥመር ላይ ለታሰረላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ስለ ታሰበ ነው። እንዲህ ያለውን መዘግየት ጥንቃቄ እንጂ ስንፍና ልንለው አንችልም።

ነገር ግን ከዚህ ሌላ በአደባባይ ብዙ የማይነገር ምክንያት አለ። መዳቡን ለመዘርጋት የወጣው ገንዘብ ከብዙ ዓመታት በፊት ተመልሷል፤ ስለዚህ ደንበኛው በየወሩ ከሚከፍለው ውስጥ ብዙው ጥሩ ትርፍ ነው። ደንበኛው ሌላ የሚሄድበት ኩባንያ ከሌለው፥ መሥመሩ ቢቆራረጥበትም ማጉረምረሙ እንጂ መክፈሉ አይቀርም። ስለዚህ በኩባንያው መዝገብ አሮጌው ሽቦ ከትርፍ ዓምድ ይጻፋል፤ ጉዳቱ ግን ትምህርቱን በኢንተርኔት መከታተል ባቃተው ተማሪ፥ ገበያውን ባጣ ነጋዴ፥ ከሩቅ ሐኪም ጋራ መነጋገር በተሳነው በሽተኛ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሚቆየው ዕውቀት ስለ ጠፋ ሳይሆን፥ ትርፉና ጉዳቱ በሁለት የተለያዩ ሰዎች መዝገብ ላይ ስለሚጻፉ ነው።

ይሁንና ይህ ስሌት በመጨረሻ ባለቤቱን ራሱን የሚጎዳ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር አለ። ፍሮንቲየር የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሌሎች የሸጡለትን የስልክ መሥመር እየገዛ ተስፋፋ፤ በ2016ም በካሊፎርኒያ፥ በቴክሳስና በፍሎሪዳ ያሉትን የቬራይዘን መሥመሮች ከ10 ቢሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ገዛ። ዕዳው እየከበደ፥ በመዳብ የሚገለገሉት ደንበኞቹም እየተዉት ሄደው፥ በሚያዝያ 2020 ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ የክስረት ጥበቃ ለመነ። በዚያን ጊዜ ለባለ ገንዘቦቹ ባቀረበው መግለጫ ለውድቀቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ለፋይበር ሥራ በቂ ገንዘብ አለማውጣቱ መሆኑን ራሱ አመነ። በ2021ም የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከአንዳንድ ክፍላተ አገር ጋራ ሆኖ፥ ኩባንያው በመዳብ መሥመሩ ያላደረሰውን ፍጥነት እያስከፈለ ሸጧል ሲል ከሰሰው። ክሱ በ2022 በስምምነት ሲያልቅ፥ ኩባንያው ማድረስ የማይችለውን ፍጥነት እንዳይሸጥ ታገደ፤ በካሊፎርኒያም ለ60,000 ቤቶች ፋይበር ለመዘርጋት ግዴታ ገባ። ከክስረቱ ወጥቶ ፋይበር መዘርጋት ከጀመረ በኋላ ግን፥ በ2024 ያው ቬራይዘን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። የገዢውን ዐይን የሳበው አሮጌው መዳብ ሳይሆን አዲሱ ፋይበር ነበር።

ሁለተኛው ምስክር አውስትራሊያ ናት። በ2009 የአገሪቱ መንግሥት ከአሥር ቤቶች ለዘጠኙ ያህል ፋይበር እስከ ደጃፍ የሚያደርስ ታላቅ ሥራ እንዲሠራ ወሰነ። በ2013 መንግሥት ሲለወጥ፥ ሥራው በቶሎና በርካሽ እንዲያልቅ ተብሎ፥ ፋይበሩ በመንገድ ዳር እንዲቆምና ከዚያ እስከ ቤቱ ያለው አሮጌ መዳብ በብዙ ቦታ እንዲቀጥል ተደረገ። ሳይቆይም በ2020 መንግሥት በመዳብ ለቀሩት ቤቶች ፋይበር ለማድረስ የሚውል 3.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያለበትን አዲስ ዕቅድ አስታወቀ። ሕዝቡ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መልካሙንም ምሳሌ አለመጥቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በስፔን የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፥ ተወዳዳሪ ኩባንያዎች በቴሌፎኒካ የምድር ቧንቧዎች ውስጥ የራሳቸውን ገመድ እንዲያሳልፉ በ2009 ደነገገ። ተወዳዳሪ በደጃፉ ሲቆፍር ያየው ቴሌፎኒካም ፋይበሩን በፍጥነት ዘረጋ፤ በ2025ም የመጨረሻዎቹን የመዳብ ማዕከሎች ዘጋ። በዚያ አገር የነበረው መዳብ ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ የተለየው ስሌቱ ነበር። አለማደስ ደንበኛን የሚያሳጣ በሆነ ጊዜ፥ ማደስ ትርፍ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ብዙው ሕዝብ ኢንተርኔትን የሚያገኘው በምድር ከተቀበረ ሽቦ ሳይሆን ከተንቀሳቃሽ ስልክ ማማ ነው። ስለዚህ የአሜሪካን ያህል የመዳብ ሸክም የለብንም፤ ይህም እንደ ዕድል ሊቆጠር ይገባል። ነገር ግን ማማውም ያረጃል፤ ባትሪውም ይደክማል። አራተኛው ትውልድ የተባለው አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2015፥ የአምስተኛው ሙከራ ደግሞ በ2022 ነው፤ እያንዳንዱ ትውልድ ሲመጣ የቀደመው አሮጌ ይባላል። በጥቅምት 2022 ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ በይፋ ሥራ ስለ ጀመረ፥ ደንበኛው የመምረጥ ዕድል ማግኘት ጀምሯል። ይህም ምርጫ ከከተማ አልፎ እስከ ገጠር ካልደረሰ፥ የጣሪያው ምሳሌ በእኛም ላይ ሊፈጸም ይችላል።

እንግዲህ ከእኛ ከተጠቃሚዎቹ ምን ይጠበቃል? አስቀድሞ በደሉ ከየት እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ያለው ራውተር ያረጀ፥ ገመዱም የተበላ እንደ ሆነ፥ ኩባንያውን መክሰስ አይገባም። ይህ ከተጣራ በኋላ ግን የመሥመሩን ፍጥነት በጧት፥ በቀትርና በማታ እየለኩ ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ መያዝ ይጠቅማል፤ በቁጥር የቀረበ አቤቱታ በቁጣ ከቀረበው ይልቅ ይሰማልና። ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ ተባብሮ በአንድ ማመልከቻ ቢጠይቅ፥ ነገሩ የአንድ ሰው ማጉረምረም መሆኑ ይቀራል። ከኩባንያው የሚጠየቀውም ተስፋ ሳይሆን ቀን ነው፤ ይህ መሣሪያ መቼ ይለወጣል? እስከዚያስ ድረስ ያልደረሰን አገልግሎት ስለ ምን ሙሉ ዋጋ ያስከፍላል? በጥንቃቄ የዘገየ ኩባንያ ለዚህ ጥያቄ ቀንና ዕቅድ ያቀርባል፤ ለትርፉ ብሎ የዘገየ ግን ይቅርታ ብቻ ያቀርባል። ሁለቱ የሚለዩት በዚህ ነው።

ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም የሚፈለገው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የተሸጠው ፍጥነት በእርግጥ መድረሱን እየመረመሩ፥ ባልደረሰ ጊዜ ጉዳቱ ከደንበኛው መዝገብ ወደ ኩባንያው መዝገብ እንዲዛወር ማድረግ ነው። ጣሪያው በባለቤቱ ላይ ማፍሰስ የጀመረ ዕለት፥ ቆርቆሮው ሳይውል ሳያድር ይገዛል።